የአባቴ አፍንጫ

ግንቦት 4

ባንኮኒው ሊፈርስ ነው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ሰብስቦ ነገረን። የእንግዳ መቀበያው የፍርድ ቤት ችሎት ይመስላል አለ። እንግዳ ገና በሩን ሲገባ ከላይ ቁልቁል የሚያየው ሰው ሊያጋጥመው አይገባም፤ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይሠራል፤ እኛም ከእንግዳው እኩል ወለል ላይ እንቆማለን። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከባንኮኒው ኋላ ያለው ወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ ማለቱን ከኛ ከሠራተኞቹ በቀር የሚያውቅ የለም። እዚህ ሆቴል ስቀጠር ሌላም ቦታ አግኝቼ ነበር፤ የተሻለ ቦታ። ይኼንን የመረጥኩት ለዚያ እንጨት ብዬ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል። እንጨቱ ላይ ቆሜ፣ ጫማዬ ውስጥ የምሸጉጠው ታኮ ሲጨመርበት፣ እንደ ሰው ሰው እሆናለሁ። እንግዳ ቁልፍ ሲቀበለኝ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ጣጣው ከባንኮኒው ስወጣ ነው። ስለዚህ አልወጣም። ሽንት ቤት እንኳ የምሄደው አዳራሹ ጭር ሲል ነው።

መቼ ነው የሚፈርሰው ብዬ ጠየቅሁ። ሰኔ አጋማሽ ሳይደርስ አለ። «ምነው፣ ቸኮልክ?» ሲለኝ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ግንቦት 5

ጠዋት ተንጠለጠልኩ። የመኝታ ቤቴ በር መቃን ላይ ብረት ካስገጠምኩ ቆይቷል። ብብቴ ሊቀደድ እስኪደርስ ተንጠለጠልኩ። በዚህ ዕድሜ አጥንት እንደማይረዝም አውቃለሁ። አውቃለሁ።

ግንቦት 9

የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስመዘገብ ጉልበቴን ያመኛል ነው ያልኩት። እውነቱን የተናገርኩት ገብቼ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያውም ፊቴን ጥግ ላይ ወደተሰቀለው አጽም አዙሬ። ሐኪሙ ራሱ የመብራት ምሰሶ የሚያህል ሰው ነው። አልሳቀብኝም፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አጥንቱ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ በብረት እየተወጠረ እንዴት እንደሚሳብ፣ ስንት ወር እንደሚያስተኛ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ መራመድ ያልቻለ ሰው እንዳለ አስረዳኝ። ከዚያ ጭኔን በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ «እግርህ ደህና ነው። ደህና እግር አልሰብርም» አለኝ።

ስወጣ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አዩኝ። አንዱ በክራንች ነው፤ አንዷ በተሽከርካሪ ወንበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ማነከስ ጀመርኩ። አንዲት እግሯ በጀሶ የታሸገ ሴትዮ ወንበሯን ልትለቅልኝ ተነሣች።

እስከ በሩ ድረስ እያነከስኩ ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ አንዴ ጀምሬዋለሁ።

ግንቦት 12

ካሸሯ ከሥራ ስንወጣ አብረን እንሂድ አለችኝ። ከምግብ ቤቱ ወደኛ ከተዛወረች ወዲህ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። ሒሳብ ስትደምር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቀው። ከኔ ትረዝማለች። ብዙ አይደለም፤ ግን ትረዝማለች።

አብሬያት ስሄድ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ እኔ እይዛለሁ፤ እሷ በአስፋልቱ በኩል ትሆናለች። ጠርዙ ከፍ ይላላ። ዛሬ፣ «ሁልጊዜ መኪና በሚያልፍበት በኩል የምታስኬደኝ ምን አድርጌህ ነው?» አለችኝ። በቀልድ አለፍኩት። ወንድ ልጅ ሴትን ከመኪና ይከልላል፤ እኔ ከመኪናው በእሷ እከለላለሁ።

መታጠፊያዋ ጋ ደርሰን ቆመን ስናወራ ጫማዋን አየሁ። ዝርግ ጫማ ነው። ምግብ ቤት እያለች ባለ ተረከዝ ነበር የምታደርገው። መቼ እንደተወችው አላውቅም። አዲሱ ሥራ መቆም ስለሚያበዛ ይሆናል።

ግንቦት 17

ቁመት ካልሆነ ፊት። ሰው ፊት ካማረለት ቁመቱን ማን ያይበታል?

የኔ አፍንጫ ሰፊ ነው፤ ጫፉ ወርዷል፤ መሐሉ ላይ እንደ መንገድ ጉብታ ያለች ነገር አለችው። ልጅ ሆኜ ስስቅ በእጄ እሸፍነው ነበር። አሁንም ቁልፍ ሳቀብል በግራ እጄ እያከክሁ አስመስዬ እሸፍነዋለሁ።

የፊት ቀዶ ሐኪሟ ስትናገር ቀስ ትላለች፣ እጇ ቀዝቃዛ ነው። በወይን ጠጅ ቀለም እስክሪብቶ አፍንጫዬ ላይ ዳርና ዳር መስመር እያሰመረች ይኼ ይነሣል፣ ይኼ ይጠባል አለችኝ። ከዚያ ከካርዱ ላይ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ከቤተሰብ እንዲህ ዓይነት አፍንጫ ያለው ማን ነው?»

«ማንም» አልኩ።

«ማንም?»

«ማንም።»

አንዳንዴ እንዲህም ያጋጥማል አለችና ጻፈችው። ከሰማይ የወደቀ አፍንጫ ሆነ ማለት ነው። ለሰኔ 16 ቀጠረችኝ።

መስመሩን ሳላጠፋ መውጣቴን ልብ አላልኩም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ለምን እንደሚያየኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው፣ «ጌታው፣ ፊትህ ላይ ማን ነው የጻፈብህ?» አለኝ። ቆዳዬ እስኪቀላ በሳሙና ፈተግሁት። ካሸሯ ጉንፋን ይዞህ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ።

ግንቦት 20

እህቴ ደወለች። የአባዬ ዓይን ብሶበታል። ባለፈው ውኃ ሲቀዳ ብርጭቆውን ትቶ ጠረጴዛው ላይ አንቆረቆረው፤ ከበር ወጥቶ የስልክ እንጨት ሰላም ብሏል። ሐኪሞቹ ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል ብለዋል፤ የሚሠራው ግን እኔ ያለሁበት ከተማ ነው። ግንቦት 26 ማታ ይደርሳልና አውቶቡስ ተራ ተቀበለው፣ አንተ ጋ ያርፋል አለችኝ።

ይኼ ወር ሥራ ይበዛብኛል አልኩ። እድሳት አለ አልኩ። ሰኔ ካለቀ በኋላ ቢሆን አልኩ።

«አባትህን ነው እኮ የምልህ» አለችኝ።

እሺ አልኩ። እንግዲህ ማታ ነው የሚደርሰው። ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ ቤት፣ ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት። በሆቴሉ በኩል ማለፍ አያስፈልገንም።

ግንቦት 23

አባቴ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ሌላው ትኬት ቆራጭ በዚያ ዝቅተኛ ጣሪያ ሥር አንገቱን ሰብሮ ሲውል፣ እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይውላል። «እግዜር የአውቶቡሱን ልክ ወስዶ ነው የሰፋኝ» ይል ነበር። ዝናብ ሲጀምር ሰው ሲሯሯጥ፣ «እናንተ ሩጡ፣ እኔ ጋ እስኪደርስ ያባራል» ይላል። ተሳፋሪው ይወደዋል። ሌላ አውቶቡስ ትቶ የሱን የሚጠብቅ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄዳል። የትኬቱን ጉራጅ እሰበስብለታለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰውዬ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ እንደገና እኔን አየና፣ «ትኬት ቆራጭ፣ ይኼንንም አንተው ነህ የቆረጥከው?» አለው።

«አዎ፣ ከራሴ ላይ» አለ አባዬ።

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ ያን አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ፣ ሳይሸፍን። እኔ ወንበር ሥር ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አመመኝ ማለት ጀመርኩ።

ለምን ይኼን እንደጻፍኩ አላውቅም። ልተኛ።

ግንቦት 26፣ ምሳ ሰዓት

መጣ። በቀን። ሆቴል ድረስ።

ምን አደረግሁ። ማታ እጽፈዋለሁ።

ማታ

ተኝቷል። አልጋዬን ለቅቄለት ወንበር ላይ ነኝ።

ድሮ አብሮት ይሠራ የነበረ ሾፌር በመኪናው አምጥቶ፣ የልጅህን ሆቴል አውቀዋለሁ ብሎ ደጃፉ ላይ አወረደው። አዳራሹ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ከአናጢዎቹ ጋር ባንኮኒውን በሜትር ያስለካል። ካሸሯ አጠገቤ ናት። ዘበኛው አንድ ሽማግሌ በክንዱ ደግፎ፣ ፈገግ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው ወደኔ ይዞ መጣ። አባዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ ጥግ ነበር የሚያየው። ጢሙ አድጓል። ኮቱ በመንገድ ተጨማዷል። አንሷል። ወይም እኔ እንጨቱ ላይ ስለነበርኩ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሜትሩን ይዞ ዞረ። አባዬን አየ፣ እኔን አየ። እንደገና አባዬን አየ። ያ አውቶቡስ ውስጥ የነበረው ሰውዬ ልክ እንደዚያ ነበር ያየን።

«ዘመድህ ናቸው?» አለኝ።

«አይ፣ የአባቴ ጎረቤት ናቸው» አልኩ።

አፌ ነው ያለው። እኔ አላሰብኩም። ዘበኛው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ካሸሯ የምትቆጥረውን ብር እንደገና ከመጀመሪያ መቁጠር ጀመረች። አባዬ ድምፄ ወደመጣበት ፊቱን አዞረ። ዓይኑ ላይ ያ ነጭ ነገር ስላለ ምን እንዳሰበ ሰው ሊያይ አይችልም።

ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ እጅ ነሣ። «አዎ፣ ጎረቤት ነኝ» አለ። ወደኔ ዞረና፣ «አባትዎ ሰላም በሉልኝ ብለውኛል። ደህና ናቸው። አያስቡ ብለዋል» አለኝ።

አንቱ አለኝ። አባቴ አንቱ አለኝ።

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። መሬት ግን ለእንደኔ ያለው አትከፈትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት። አባዬ በዘበኛው ክፍል ተቀምጦ ሥራ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ማታ ክንዴን ይዞ ወደ ቤት ስንሄድ ስለ መንገዱ አወራልኝ፤ ድልድዩ በአዲስ ተሠርቷል፣ ሾፌሩ ወፍሯል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ድልድዩ ጠየቅሁት።

አላነሣውም። አላነሣሁትም።

ግንቦት 28

አባዬ ቤቱን በእጁ እየዳበሰ ተለማመደው። የበሩን ብረት አገኘውና ይኼ ምንድን ነው አለኝ። የልብስ ማስጫ ነው አልኩት። ከሥራ ስመለስ ሸሚዞቼን አጥቦ ብረቱ ላይ አስጥቷቸዋል። እጅጌያቸው ወደ ታች ተንዘላዝሎ እኔን ይመስላሉ። «ጥሩ ማስጫ ነው» አለ። «ትንሽ ከፍ አለብኝ እንጂ።»

የዛሬው ጠዋት መንጠልጠል ቀረ። ልብሱ አልደረቀም።

ሰኔ 2

የዓይን ክሊኒክ። ካርድ ስናወጣ ነርሷ ወደኔ እያየች፣ «ምንዎት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

«ጎረቤቴ ነው። ልጄ ሥራ በዝቶበት ነው እሱን የላከልኝ።»

ነርሷ እኔን አየችኝ። ጎረቤት አብሮ ሲኖር ይመሳሰላል መሰለኝ ብላ ሳቀች። አባዬም ሳቀ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ። የመጨረሻው መስመር ድረስ በደንብ ይታየኛል። የኔ ዓይን ምንም የለበትም።

ሰኔ 5

ካሸሯ ለጎረቤትህ ስጥልኝ ብላ ብርቱካን ሰጠችኝ። «ጎረቤትህ» ስትል ቃሉን ቀስ ብላ አስቀመጠችው፤ እንደሚሰበር ዕቃ። ለማታውቀው ሽማግሌ እንዲህ መሆኗ ደግነቷ ነው።

«ልጅ የላቸውም?» አለችኝ።

«አለ» አልኩ። «ሥራ ይበዛበታል።»

እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ እስክንወጣ አላወራችኝም። ያለፈው ወር ገና ስላልተዘጋ ሒሳብ ይበዛባታል።

ብቻዋን ሄደች።

ሰኔ 8

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ደህና ነው ብለዋል፤ ነገ ፋሻው ይነሣል።

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ስጠብቅ ነርሷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እግሯን ለማሳረፍ ነበር። «ይኼ ልጃቸው ግን ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ። «አባቱ ዓይኑን ሲቀደድ ጎረቤት ይልካል? ሽማግሌው ደግሞ ከአፋቸው አይለዩትም። ልጄ ሆቴል ነው የሚሠራው፣ ልጄ የውጭ ሰው ሲያነጋግር ብትሰሚው። ማደንዘዣ ስንወጋቸው እንኳ ስለሱ ነው የሚያወሩት።»

ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩ።

«ምን ሥራ?» አለች። «አንተ ግን ተባረክ። እንዳንተ ያለ ጎረቤት ይስጠን።»

መረቀችኝ። አሜን አልኩ። ምን እላለሁ?

ዓይኔ አፍሮ አላለቀሰም። አፍንጫዬ ብቻ ነው የረጠበው።

ሰኔ 9

ፋሻው ሲነሣ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ወደ ጎን ልል ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ እዚያው ቁም፣ መጀመሪያ የሚያውቀውን ፊት ይይ አለኝ። አባዬ ዓይኑን አርገበገበ። አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ እጁ አየ። ከዚያ እኔን። ከግንባሬ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። ሁሉን ነገር ፊቴ ላይ ተጽፎ የሚያነበው መሰለኝ።

«ከሳህ» አለኝ።

ቤት ገብተን ገና ሳይቀመጥ ስልኬ ጮኸ። የፊት ሐኪሟ ክሊኒክ ነው፤ ስለ ሰኔ 16 ቀጠሮ። የደወለችው ልጅ ድምፅዋ እንደ መለከት ነው፤ አፍንጫ የሚለውን ቃል ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ይኸው «ጎረቤት» ብዬ ጻፍኩ። እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

አባዬ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ልጣጩን ሳይበጥስ ጨረሰው።

«ያማል እንዴ?» አለ።

«ምኑ?»

«አፍንጫ መቆረጥ።»

ለመተንፈስ እያስቸገረኝ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔስ ደህና ነበር የተነፈስኩበት» አለ፤ ለራሱ እንደሚያወራ። ግማሹን ብርቱካን ሰጠኝና ትንሽ ቆይቶ፣ «አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ይላሉ። የኔ ዓይን ገና ትናንት መዳኑ ነው። ትንሽ ይጠንክርልኝ» አለኝ።

እየሳቀ ነበር። እየሳቀ ነበር መሰለኝ። አላየሁትም፤ ብርቱካኑን ነበር የማየው።

ሰኔ 12

ባንኮኒው ፈረሰ። ጠዋት ስገባ እንጨቱ ተነቅሎ ግቢ ውስጥ ተከምሯል፤ ሥሩ ጠፍተው የቀሩ እስክሪብቶዎችና አንድ የሞተ አይጥ ተገኘ። ያን ሁሉ ጊዜ የቆምኩት አይጥ ላይ ነበር።

ታኮውን አድርጌያለሁ። ቢሆንም ወለሉ ወለል ነው። እንግዳ በገባ ቁጥር በእግሬ ጣቶች እንጠራራለሁ። አንዱ መጣ፣ ቁልፍ ተቀበለ፣ ሄደ። አንዷ መጣች፣ ስለ ሙቅ ውኃ አማረረች፣ ሄደች። እስከ ቀትር ድረስ አንድም ሰው ምንም አላለም። የፈራሁት ነገር እንዲህ ሆኖ ሲቀር ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም። ይህን ሁሉ ዓመት ለዚህ ነው?

አናጢዎቹ ምሳ ሲወጡ ካሸሯን፣ ያኔ የመጡት ሽማግሌ አባቴ ናቸው አልኳት። ስናገር አንቱ አልኩት፤ እንደ ሰው አባት።

«አውቃለሁ» አለች። ብር መቁጠሯን አላቆመችም።

«ዘበኛው ነገረሽ?»

«ሁላችንንም ነገረን። በር ላይ ሲደርሱ ልጄ እዚህ ይሠራል ብለውት ነው ያስገባቸው። ደግሞስ መንገር ያስፈልጋል? ፊታችሁን ያየ ሁሉ ያውቃል።»

ሥራ አስኪያጁም ያውቃል። ወጥ ቤት ያሉትም። ይህን ያህል ቀን ሁሉም «ጎረቤትህ እንዴት ናቸው?» እያለ ሲጠይቀኝ እያወቀ ነው። ስለኔ ብለው እንዳልሆነም ነገረችኝ። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ጎረቤት ነኝ ካሉ ማን ዋሹ ይላቸዋል ተባብለው ነው።

ይቅርታ አልኳት። ለምን እሷን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ያኔ ብሩን አስቀመጠችው። «ቁመትህን የመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። አፍንጫህንም። እነሱን አይቼ ነው አብረን እንሂድ ያልኩህ» አለችኝ። «ይኼኛውን ግን አላየሁትም ነበር።»

ማታ በሌላ በር ወጣች። ዛሬ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ነበር፤ ስትርቅ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

ሰኔ 14

ለፊት ሐኪሟ ክሊኒክ አልደወልኩም። ቀጠሮውን አልሰረዝኩትም፣ እመጣለሁም አላልኩም። ዛሬ ጠዋትም መስታወት ውስጥ አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ጨምቄ አይቼዋለሁ። ጠበብ ሲል ያምራል። ይኼንን መዋሸት አልፈልግም።

አባዬ በከሰዓቱ አውቶቡስ ሊሄድ ነበር። ሻንጣውን ይዤ በሥራ ቦታዬ በኩል እንለፍ አልኩት። ለምን አላለም። እኔም አልነገርኩትም፤ ከነገርኩት መንገድ ላይ እመለሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ታኮውን ቤት ትቼዋለሁ። ያለሱ መንገዱ ሌላ ነው፤ ሱሪዬ መሬት ይጠርጋል።

ሥራ አስኪያጁ አዲሱ ጠረጴዛ ጋ ነበር። ካሸሯም አለች፣ ዘበኛውም ተከትሎን ገባ፣ አናጢዎቹ ይመታሉ። መዶሻው ጋብ እስኪል ጠበቅሁ። «ባለፈው ጎረቤት ናቸው ያልኩት ዋሽቼ ነው» አልኩ። «አባቴ ነው።»

አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንኳን ደህና መጡ ብሎ አባዬን ጨበጠው፤ ዓይንዎ እንዴት ሆነ አለው፤ ወዲያው ስልኩ ጮኸና ሄደ። አናጢዎቹ መምታታቸውን ቀጠሉ። ካሸሯ ተነሥታ እጅ ነሣችው። እኔን አላየችኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

አባዬ ግን ደርቆ ቀረ። ለሁሉም አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠና ቀድሞኝ ወጣ። ውጭ ስደርስበት ፊቱ ተለዋውጧል። ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰክረው ሲሰድቡት እንኳ።

«ምነው፣ ሳትነግረኝ?» አለኝ።

መጣ አልኩ በልቤ። ያን ቀን ሊያነሣው ነው። ይገባኛል፣ ያንሳው ብዬ ቆምኩ።

«ጢሜን እኮ አልተላጨሁም» አለኝ። ጉንጩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ሆቴሉ በር ዞር ብሎ አየ። «ለጎረቤት ይበቃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አባት እንዲህ ሆኖ ልጁ ሥራ ቦታ ይገባል? ምን ይሉሃል?»

ምን ይሉሃል አለኝ። ምን ይሉኛል አላለም።

ይቅር በለኝ ልለው ነበር፣ እሱ መራመድ ጀምሯል። ከመታጠፊያው ፀጉር አስተካካይ ቤት አለ፤ እሱ ራሱ አግኝቶት ገባ። አሁን ያያላ። ወንበሩ ላይ ሲወጣ እግሩ መሬት አልነካም። አስተካካዩ አረፋ ቀባው። ምላጩ ከጉንጩ ወርዶ በአፍንጫው ዙሪያ ሲያልፍ በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ያቺ ጉብታ፣ ያ የወረደ ጫፍ፣ ሁሉም በቦታው። እኔም ከኋላው ቆሜ እዚያው መስታወት ውስጥ ነበርኩ። ዓይኔን አነሣሁ፣ መልሼ ሰበርኩ፣ እንደገና አነሣሁ።

ተላጭቶ ሲጨርስ ኮቱን አራገፈና፣ «በል፣ እንመለስ» አለኝ።

«አባዬ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሃል።»

«ስለ አውቶቡስ ለኔ ትነግረኛለህ?»

ተመለስን። የሆቴሉ በር መስታወት ነው፤ ከሩቅ ጀምሮ ሁለት አጫጭር ሰዎች ወደኛ ሲመጡ ይታያል፤ ትልቁ ደረቱን ነፍቷል፣ ትንሹ ሻንጣ ተሸክሟል። አፈርኩ። ይኼኛው እፍረት ከያኔው ሌላ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እንጃ፣ ያው ራሱ ሊሆንም ይችላል። እግሬ ቀረት አለ። እሱ አልጠበቀኝም። በሩን ገፋ አድርጎ ገባና፣ ያ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ወንበር ይሰማ በነበረው የትኬት ቆራጭ ድምፁ፣ «ደህና ዋላችሁ፤ የልጁ አባት ነኝ» ሲል ሰማሁት።

ተከትዬው ገባሁ።